ሃይማኖት ነው ወይስ ጎራ?

ይድረስ ለልጄ፤ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ባለፈው በስልክ «ሰውን በጎራ የከፋፈለው ሃይማኖት ነው፤ እሱ ቢቀር ሰላም በሆነ» ያልከኝ ከሆዴ አልወጣም። እምነትህን መተውህ አሞኛል፤ አልደብቅህም። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ጎራው ነው።

ሃይማኖት እጁ ንጹሕ ነው ብዬ አልሟገትህም። የወሎ ሰው እንዲህ ማለት አይችልም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ የወሎ እስላም በአፄ ዮሐንስ አዋጅ ተጠመቅ ተባለ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው። እምቢ ያለው ወይ ሸፈተ፣ ወይ ተሰደደ።

የኔን ዘመን ደግሞ ስማ። ኢሕአፓና መኢሶን የሚባሉት ሁለቱ የፖለቲካ ድርጅቶች የማርክስና የሌኒን ተከታዮች ነበሩ። መሪዎቻቸው ከአንድ የተማሪ ንቅናቄ የወጡ፣ መሬት ለአራሹ ብለው አብረው የጮኹ ናቸው። መሐላቸው የሚያጣላ ታቦትም መስጊድም አልነበረም። ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» አለ፤ መኢሶን ለደርግ «ሒሳዊ ድጋፍ» ሰጠ። በዚህ ተገዳደሉ! አንዱ ሌላውን «ባንዳ» አለው፣ ሌላው መልሶ «አናርኪስት» አለው፤ ስሙ ከወጣ በኋላ መግደሉ ቀላል ሆነ። በኋላ ደርግ ሁለቱንም ፈጃቸው። በ1970 አንዲት የሰፈራችን እናት የልጇን ሬሳ መንገድ ዳር አገኘችው። ማልቀስ ክልክል ነበርና የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለፈች። እኔ በዓይኔ አይቻታለሁ።

የአያትህን ቅሬ፣ የቀብር ዕድሩን፣ ታውቀዋለህ። እስላሙም ክርስቲያኑም አባል ነው፤ ቀብር አብረው ይወጣሉ። ሠርግ ሲሆን ለየብቻ ይታረዳል፣ እንግዳውም የየራሱን ይበላል፤ ሥጋዬን አልበላህም ብሎ የሚቀየም የለም። አያትህ ሃይማኖቷን እንዴት እንደምታጠብቅ ደግሞ አንተው ታውቃለህ።

ስለዚህ የትኛው ይብሳል ብለህ ብትጠይቀኝ፣ እኔ የምፈራው «የተጠራጠረ ሁሉ ከሃዲ ነው» የሚለውን ወገን ነው፤ ቢያምንም ባያምንም። አሁን የምትውልባቸው ጓደኞችህ መሐል አንዱ ተነስቶ «ቤተ ክርስቲያን መሄድ አምሮኛል» ቢል ምን ይሉታል? እስቲ እሱን ንገረኝ።

አጎትህ ዲያቆን ስለሆነ ስልኩን ማንሳት ትተሃል አሉ። የሚደውልልህ ሊሰብክህ አይደለም፤ የልጁን የትምህርት ነገር ሊያማክርህ ነው። እሑድ ቤት ነው፤ ደውልለት።

እናትህ