ስንት ልጆች በአንድ ክፍል? ለትምህርት ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

የልጃገረዶችን የሂሳብና የሳይንስ ውጤት ለማሻሻል የሚወጡ ዕቅዶች ስለ ማበረታቻ፣ ስለ ማጠናከሪያ ትምህርትና ስለ አርአያ ሴቶች ብዙ ይላሉ። አንዲት ተማሪ ከስንት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጣ እንደምትማር ግን እምብዛም አያነሱም። የፊዚክስ መምህር እንደመሆኔ ይህ ጉዳይ በዕቅዱ ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ለመጠየቅ እጽፋለሁ።

በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ መምህሩ ግማሹን ለገለጻ ቢያውል፣ ለጥያቄና ለእርማት የሚተርፈው 20 ደቂቃ ለ60 ተማሪዎች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 20 ሰከንድ፣ ለ25 ሲካፈል ደግሞ 48 ሰከንድ ይደርሳል። ይህም በወረቀት ላይ ነው፤ በተጨናነቀ ክፍል ጊዜው የሚሄደው ሳይጠራ ለሚመልሰው ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት ግን ዝም ይሉ የነበሩ ተማሪዎች ጭምር እንደሚናገሩ አሳይተዋል። ክፍሉ እንዳይረበሽበት የሚሠጋ መምህር ግን ያቺን 3 ሰከንድ አይደፍራትም። እርግጠኛ ሳትሆን መናገርን እንደ ነውር ቆጥራ ያደገች ልጅም እንዳፈረች ትቀራለች። በቤተ ሙከራም ያው ነው፦ ለአንድ ሚዛን 10 ተማሪዎች ሲመደቡ ወንዶቹ መሣሪያውን ይይዛሉ፣ እስክሪብቶው ለሴቷ ይተርፋል። ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ ነው፤ ፈተናው ግን ጽሕፈት አይጠይቅም።

በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው ስታር የተባለ ጥናት ሕፃናትን በዕጣ መድቦ፣ ከ13 እስከ 17 ተማሪዎች ባሉባቸው ክፍሎች የተማሩት ከ22 እስከ 25 ባሉባቸው ከተማሩት በንባብም በሂሳብም እንደሚበልጡ አረጋግጧል። ጥቅሙ የልጃገረዶች ብቻ ነው አላለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን በጩኸት መሀል መናገር የሚከብዳት ልጅ ከጸጥታው ይበልጥ ታተርፋለች ብዬ አምናለሁ።

ችኮላውንም አልደግፍም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1996 የታችኛ ክፍሎችን ወደ 20 ተማሪዎች ለማውረድ ስትጣደፍ ሙሉ የማስተማር ፈቃድ የሌላቸውን ብዙ መምህራን ቀጥራለች። ስለዚህ የምጠይቀው ሁሉንም ክፍል በአንድ ዓመት ማሳነስ አይደለም። መጀመሪያ ሪፖርቶች የመምህርና የተማሪ ጥምርታን ብቻ ከማቅረብ ይልቅ በእያንዳንዱ ክፍል በእርግጥ የተቀመጡትን ልጆች ቁጥር ያሳውቁ፤ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚያስተምሩ መምህራንም በሚቆጠሩበት ጥምርታ ውስጥ የተጨናነቀው ክፍል ይደበቃልና። ቀጥሎም ብቁ መምህር ባለበት ሁሉ የሂሳብ መልመጃና የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው ይሰጡ፤ የወንዶችና የሴቶች ውጤትም ከክፍሉ ብዛት ጋር ተነጻጽሮ በየዓመቱ ይውጣ። የመጀመሪያው ሥራ አዲስ ሕንፃ አይፈልግም፤ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ምዝገባ ሊጀመር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር