"ነገ ጠዋት እንደነበረ ያገኙታል" ያላችሁት ብሎጌ የት ደረሰ?

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በጥያቄ ምልክት ስለተተካው ጽሑፌና ስላልተፈጸመው ቃላችሁ

ጤና ይስጥልኝ።

የቲኬቱ (የቅሬታ መዝገቡ) ቁጥር እናንተ ዘንድ አለ። ደረሰኙም የቻቱ ቅጂም እንደዚያው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ተነስቼ አላደክማችሁም፤ ብሎጌ ያለበትን ሰርቨር (ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) ስትቀይሩ የአማርኛ ጽሑፌ ሁሉ ጥያቄ ምልክት ሆነ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ ሐሙስ ከሰዓት የተሰጠኝ ቃል ነውና ከእሱ ልጀምር።

ሐሙስ የደወለችልኝ ባለሙያችሁ በትሕትና ነው ያናገረችኝ። እሷ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ስለ ባክአፕ፣ ማለትም ስለ ብሎጉ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ያለችኝ ይህን ነው፦ "አይጨነቁ፤ ባክአፕ በየቀኑ ይወሰዳል። ሰርቨሩ ከመቀየሩ በፊት የነበረውን አግኝተነዋል። ነገ ጠዋት ብሎግዎን እንደነበረ ያገኙታል።"

እኔም ስንት ጊዜ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ያየሁ ሰው ነኝና ለማረጋገጥ ጠየቅኩ። "ነገ ማለት ዓርብ?" አልኳት። "አዎ፣ ዓርብ ጠዋት" አለች። "ፊደሉም ይመለሳል?" አልኳት። "ሁሉም ይመለሳል" አለች። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። ከልቤ ነበር ያመሰገንኩት።

ዓርብ ጠዋት ብሎጉን ከፈትኩ። ብሎጉ የተሠራው ዎርድፕሬስ በሚባለው የብሎግ ፕሮግራም ነው፤ የመጀመሪያው ጽሑፌ የሚጀምረው "ዎርድፕሬስ በ2003 ወጣ።" በሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። ያገኘሁት ይህን ነው፦

?????? ?2003 ???

ዓመተ ምሕረቱ ተርፏል። ፎቶዎቹ አሉ። በላቲን ፊደል የጻፍኳቸው ሁለት ሦስት ቃላትም አሉ። የግዕዝ ፊደል የሆነው ሁሉ ግን አራት ነጥቡ ሳይቀር ጥያቄ ምልክት ሆኗል። ሐሙስም እንዲህ ነበር፤ ዓርብም እንዲህ ነው። የተመለሰ ነገር የለም።

ወደ ቻቱ ገባሁ። ያገኘሁት ሌላ ባለሙያ ነው። እሱ ጋ ስለ ሐሙሱ ስልክ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ሁሉንም እንደ አዲስ አስረዳሁት። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን ከስክሪንሾቱ ላይ ቃል በቃል ልገልብጠው።

እሱ፦ "ባክአፑ ተመልሷል። ቲኬቱ ተዘግቷል።"

እኔ፦ "ጽሑፉ ግን አሁንም ጥያቄ ምልክት ነው።"

እሱ፦ "የፎንት ችግር ነው። በሌላ ብራውዘር ይሞክሩ።"

እኔ፦ "በስልክም፣ በኮምፒውተርም፣ በሌላ ብራውዘርም ሞክሬአለሁ። የመለሳችሁት የየትኛውን ቀን ባክአፕ ነው?"

እሱ፦ "የመጨረሻውን።"

እኔ፦ "ከሰርቨር ለውጡ በፊት የተወሰደውን ወይስ በኋላ?"

እዚህ ላይ ብዙ ቆየ። "እየጻፈ ነው" የሚለው ምልክት ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፤ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። በመጨረሻ የመጣልኝ መልስ ይህ ነው፦

"ከለውጡ በኋላ የተወሰደውን። የምንይዘው የቅርብ ጊዜውን ብቻ ነው። ጀማሪ ስለሆኑ ላይገባዎት ይችላል እንጂ ሲስተሙ ችግር የለበትም። ለወደፊቱ በእንግሊዝኛ ቢጽፉ እንዲህ ዓይነት ነገር አያጋጥምዎትም።"

መጨረሻው ላይ ፈገግታ ለጥፎበታል። እኔ መልስ ሳልጽፍ ቻቱ ተዘጋ። ወዲያው አገልግሎቱን ከ1 እስከ 5 ኮከብ እንድመዝን ተጠየቅኩ።

እንግዲህ አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ሐሙስ "አግኝተነዋል" የተባለው ባክአፕ ዓርብ የት ገባ? ወይ ሐሙስ አልነበረም፤ ወይ ዓርብ ማንም አልፈለገውም። ሳይኖር ከሆነ "አለ" የተባልኩት፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ኖሮ ካልተፈለገ ደግሞ ይባስ ነው።

"ፎንት ነው" ስለሚለው መልስም ጥቂት ልበል። አዎ፣ ጀማሪ ነኝ። ግን እናንተን ስጠብቅ ጊዜው ስለነበረኝ ያነበብኩት ነገር አለ። ፎንት (የፊደል ቅርጽ ፋይል) ሲጎድል የሚታየው ባዶ ሣጥን ነው። ፊደሉ በተሳሳተ ኮድ ሲነበብ ደግሞ የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ይመጣል። እሱ ያስቀይማል እንጂ ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል፤ ጽሑፉ ከሥሩ አለና። ጽሑፎቹ በሚቀመጡበት ዳታቤዝ ውስጥ ራሱ ጥያቄ ምልክት ከተጻፈ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ ሲዛወር የእኛን ፊደል በማያውቅ የፊደል ኮድ ውስጥ አልፏል ማለት ነው። የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። የመጀመሪያው ፊደል ከዚያ በኋላ የለም። ምንም ዓይነት ብራውዘር አይመልሰውም። የሚመልሰው ከዚያ በፊት የተወሰደ ባክአፕ ብቻ ነው። ለዚህ ነው "ከለውጡ በፊት ወይስ በኋላ?" ብዬ የጠየቅኩት። ከዳታቤዙ ውስጥ አንድ መስመር ከፍቶ ማየት ለባለሙያችሁ የደቂቃ ሥራ ነበር።

ይህ ደግሞ የአማርኛ ጥፋት አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮድ መዝገብ) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የዩኒኮድ ፊደላት በሚጻፉበት በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ዎርድፕሬስ ከ2015 ጀምሮ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 የሚባለውን የዩቲኤፍ 8 ዓይነት ይጠቀማል። ማይኤስኪውኤል የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም እንኳ በ2018 በወጣው በ8.0 እትሙ መደበኛ ኮዱን ከላቲን 1 (የላቲን ፊደልን ብቻ ከሚያውቀው ኮድ) ወደዚሁ ቀይሯል። እኔ አንድም ሴቲንግ አልነካሁም። ሰርቨሩን የቀየራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ቀኑንም የመረጣችሁት እናንተ። "ምንም ለውጥ አይታይዎትም" የሚል ኢሜይል ልካችሁልኛል።

ደግሞ በእንግሊዝኛ ልጻፍ? ማስታወቂያችሁ ላይ "በየትኛውም ቋንቋ" ይላል እኮ። ለአማርኛ አንባቢ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ምን አጠፋ?

ጉዱን ልንገራችሁ አይደል። ከጽሑፎቼ የተረፈው ርእሳቸው ነው፤ እሱም በሙሉ አይደለም። ዎርድፕሬስ የገጹን አድራሻ ሲያዘጋጅ የአማርኛውን ርእስ በፐርሰንት ምልክት፣ በቁጥርና በላቲን ፊደል ለውጦ ያስቀምጠዋል። ላቲን 1 ይህን ስለሚያውቀው ሳይጎዳ አለፈ። ግን የአድራሻው ቦታ 200 ምልክት ብቻ ነው፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ 9 ይወስዳል። ስለዚህ የሚተርፈው ከርእሱ መጀመሪያ 22 ያህል ፊደል ነው። አሁን ቁጭ ብዬ ከአድራሻዎቹ ላይ የጽሑፎቼን ስም እየለቀምኩ ነው። "ለጀማሪ ብሎገር የሚሆን የዶሜይን አመራረ" ይልና ይቆረጣል። ይህን መልቀም የእኔ ሥራ መሆን ነበረበት?

ነገር ከተነሳ አይቀር፣ እስከ ዛሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ የተውኳቸውንም ላንሳ።

የቁልፍ ምልክቱ። "ነፃ ኤስኤስኤል ከጥቅሉ ጋር" ብላችሁ ሸጣችሁልኝ፤ በብሎጉና በጎብኚው መካከል ያለውን ግንኙነት የሚመሰጥረው ማለት ነው። ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ጎብኚዎቼ "ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም" የሚል ማስጠንቀቂያ ያዩ ጀመር። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ነፃ ሰርተፊኬት ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት የሰጣችሁኝ ሰርተፊኬት ለ90 ቀን ብቻ የሚያገለግል ነው፤ በራሱ መታደስ ነበረበት፤ አልታደሰም። የእናንተ መልስ ግን "የሚከፈልበትን ሰርተፊኬት ይግዙ" ነበር። ይህን ያለኝ ሰው አሁንም እዚያው ይሠራ እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ ያደሰልኝ ሌላ ባለሙያ ነው፤ ለእሱ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ቲኬቶቹ። እኔ "ተፈቷል" ሳልል ተዘግተዋል። እንደገና ስከፍታቸው አዲስ ቁጥር ይሰጣቸዋል። አዲስ ቁጥር ያለው ቲኬት ደግሞ ሰልፉ ላይ መጨረሻ ነው። ይህን ማን እንዳሰበው ባውቅ ደስ ይለኛል።

ዶሜይኑ፣ ማለትም የብሎጉ አድራሻ ስም። ይህ ግን ቀላል አይደለም። ስመዘግብ "ዶሜይኑ የእርስዎ ነው" ተብያለሁ። ባለፈው መዝገቡን ሳይ ግን በባለቤትነት የተጻፈው የእናንተ ድርጅት ስም ነው። ሚስጥራዊነትን ለመጠበቅ የሚደረገው መሸፈኛ መስሎኝ ነበር። ጠየቅኩ፤ አይደለም። እንዲስተካከል ጽፌ "ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል" የሚል መልስ ደርሶኛል። የሚመለከተው ክፍል እስካሁን አልተመለከተውም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው።

በመጀመሪያ፣ ከሰርቨር ለውጡ በፊት የነበረውን ባክአፕ ፈልጉ። የድሮው ሰርቨር ገና ካልጠፋ እዚያ ላይ ይኖራል፤ እባካችሁ ሳታጠፉት በፊት እዩት። ካገኛችሁት ብሎጉ ላይ ከመጫናችሁ በፊት የዳታቤዙን ቅጂ ለእኔ ላኩልኝ። እኔው አየዋለሁ። ከሌለ ደግሞ "የለም" ብላችሁ በግልጽ ጻፉልኝ። "ለሚመለከተው ክፍል" የሚል መልስ አልቀበልም።

የዶሜይኑ ባለቤትነት በስሜ ይዛወር። በእናንተ ስም እያለ ብሄድበት ነገ ደግሞ "የኛ ነው" መባል ይመጣል። በስሜ ከዞረ በኋላ ወደ ሌላ ድርጅት የማዛወሪያ ኮዱን እጠይቃችኋለሁ። ዶሜይኖችን በሚቆጣጠረው በአይካን ደንብ መሠረት ኮዱን በ5 ቀን ውስጥ ልትሰጡኝ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ የባለቤት ስም ሲቀየር የ60 ቀን የዝውውር እገዳ ሊከተል እንደሚችልም አውቃለሁ። ስለዚህ ስሙን ከመቀየራችሁ በፊት እገዳው እንዲቀርልኝ የምጠይቅበትን ምርጫ ስጡኝ። "አላወቅንም ነበር፣ ተቆለፈ" የሚል ኢሜይል በኋላ እንዳይመጣ።

የሆስቲንጉ (ብሎጉን ሰርቨር ላይ የማስቀመጥ አገልግሎቱ) ቀሪ ጊዜ ክፍያም ይመለስልኝ። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ልጠይቅ አላሰብኩም ነበር። የቻቱን ቅጂ እንደገና ሳነብ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ባክአፕ በየቀኑ ተብሎ ተከፍሎበታል።

ስለ እንግሊዝኛው አስተያየት ይቅርታ እንድትጠይቁኝ አላስገድድም። ግን ያ መልስ ከሌላ ደንበኛ ፊት እንዳይደገም ለባለሙያው ንገሩት። ሐሙስ ለደወለችልኝ ባለሙያም የቻቱን ቅጂ አሳዩአት፤ ቃሏን ማን እንዳፈረሰባት ትወቅ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በስልክ አትደውሉልኝ፤ በስልክ የሚነገረኝ ነገር ቻት ላይ ስደርስ አይታወቅም።

ከሰላምታ ጋር፣
ደንበኛችሁ

ግልባጭ፦
ለሒሳብ ክፍል (ተመላሽ ክፍያውን ስለሚመለከተው)
ለዶሜይን ምዝገባ ክፍል (ቲኬቱ ከዚህ ደብዳቤ በፊት እንዳይዘጋ)