የሙሽራ ጫማ ድሮ ነጭ አልነበረም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሰርግ ወጪ ባወጣችሁት ጽሁፍ ነጭ የሙሽራ ጫማ የድሮ የፈረንጅ ወግ ነው ብላችኋል፣ እኔ ደሴ ፒያሳ ጫማ ሰርቼና ጠግኜ ነው የምኖረው፣ ስለ ጫማ ያገኘሁትን ሁሉ ስለማነብ ይቺን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሙሽራ ነጭ የመልበስ ግዴታ የለባትም ነበር። የጆርጅ ዋሽንግተን ሚስት ማርታ በ1759 በፈረንጆቹ ስታገባ ያደረገችው ወይን ጠጅ የሐር ጫማ ነው፣ በብርማ ጌጥ ያሸበረቀ፣ ዛሬም ማውንት ቨርነን ቤታቸው አለ። ነጩ ቬሎ የገነነው ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ ነው፣ ከዛ በፊት ብዙዋ ሙሽራ ያላትን ምርጥ ልብስ ለብሳ ታገባና በኋላም ለክት ታደርገዋለች።

እኔን የገረመኝ ግን የዛን ዘመን የሴት ጫማ አሰራሩ ነው። ላዩ አበባ የተሸመነበት ሐር፣ ለንደን ውስጥ በሃይማኖት ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደዱ ሸማኔዎች የሰፈሩበት ስፒታልፊልድስ የሚባል ሰፈር በዚህ ሐር ስሙ የታወቀ ነበር፣ ገበሩ የተልባ እግር ጨርቅ፣ ታኮው ደሞ እንጨት ሆኖ በሐር ወይ በቆዳ ይለበጣል። ቀኝና ግራ የሚባል ነገር የለውም! ሁለቱም በአንድ ቀጥ ባለ ፎርማ ነው የሚወጡት (እኔ እንደዛ ሰርቼ ብሰጥ ደንበኛዬ ምን እንደምትለኝ እግዜር ይወቅ)። ዘለበቱ ይነቀላል፣ ጫማው ሲያረጅ ወደ ሌላው ይዛወራል። ለጭቃው ደሞ ከስር የሚደረብ ከእንጨትና ከብረት የተሰራ መጫሚያ ነበራቸው፣ ለደሴ ክረምት ይሄ ነበር።

እኛ ጋ ግን ጥር ሲደርስ የሚገዛው ነጭ ፕላስቲክ ነገር አንድ ቀን ይደረግና አልጋ ስር ይገባል፣ ወይ ሶሉ ተላቆ ጥቁር ቀለም ቀባልኝ ተብሎ እኔ ጋ ይመጣል። አይቀባም እኮ፣ ቀለሙ ይላጣል። ለአንዷ ሙሽራ ከሐበሻ ቀሚሷ ጥለት በተረፈው ቁራጭ ጫማዋን ለብጬላት ነበር፣ ጥጥ ስለሚሳሳ ከስሩ ጠንካራ ጨርቅ ካልተደረበ አይሆንም እንጂ ያምራል፣ እስካሁንም ለዓመት በዓል ታደርገዋለች። ቆዳ ፋብሪካው ኮምቦልቻ ነው፣ ሸማኔ ሞልቷል፣ ታዲያ ነጭ ፕላስቲክ ምን በወጣን? በሚቀጥለው ስለ ሰርግ ስትጽፉ ጫማ ሰሪዎችንም ጠይቁን፣ ፎቶ ካስፈለጋችሁ እልካለሁ።

አንድ ጫማ ሰሪ፣ ከደሴ