ይድረስ ለአባባ፣ ደሴ

ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጓንዡ፣ ቻይና

ይድረስ ለውድ አባቴ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም ሚሚም ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፣ በጣም ደህና ነን።

ይቺን መግቢያ እንዳስተማሩኝ ነው የጻፍኳት። አራተኛ ክፍል ሆኜ ለአጎቴ ያለ ሰላምታ ጽፌ፣ «ሳያንኳኩ ሰው ቤት ይገባል?» ብለው እንደገና አስጽፈውኛል።

ፊደሉን ያተለቅሁት በማጉያው እየተረዱ በራስዎ ዓይን እንዲያነቡት ነው። ገጹ የበዛውም ለዚያ ነው። አልሆን ብሎ ታናሼ የሚያነብልዎት ከሆነ ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ሱቅ ይላኩት።

ደብዳቤውን የምታመጣው ኮምቦልቻ ቤት ያላት ነጋዴ ናት። እዚህ ሺያኦቤይ የሚባል ሰፈር፣ ሐበሾች የሚበሉበት ምግብ ቤት ነው የተዋወቅነው። ነገ ማታ ትበራለች። አብራ የምታመጣው ካርቶን ውስጥ መብራት ያለው ማጉያ አለ፤ ሶኬቱ የእኛን ቤት ማከፋፈያ ይገባል። መድኃኒት አልላክሁም። ሐኪሙ ያዘዘውን ከዚያው ይግዙ፣ ብሩን ለታናሼ ልኬያለሁ።

ሚሚን ቢያዩዋት አያውቋትም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ትከሻዬ ደርሳለች። ቻይንኛውን እስካሁን በኖርንባት በቼንግዱ እንዳሉት ልጆች ነው የምትናገረው፤ «ነ» እና «ለ» ይቀላቀሉባታል፣ የአገሩ አነጋገር እንደዚያ ነው። ገበያ ስንወጣ የምትከራከርልኝ እሷ ናት። ሻጮቹ ፀጉሯን መንካት ያምራቸዋል፤ እሷ «መጀመሪያ ዋጋ ቀንሱ» ትላቸዋለች። አፍ የሚያደነዝዘውን የሲቹዋን ቅመም ፍንክች ሳትል ትበላለች። እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርስ እንደተነቀለ ሰው ሲያደርገኝ ኖሯል። ሀ ሁ ግን «ሸ» ላይ ቆማለች። የቀረውን አያቴ ነው የሚያስቆጥረኝ ትላለች፤ ማን እንደነገራት እኔ አላውቅም።

ስለ ክፍሉ በስልክ አጥጋቢ ነገር ነግሬዎት አላውቅም። 48 ልጆች ናቸው። ስገባ ብድግ ብለው በአንድ ድምፅ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» ይላሉ። «ሃው አር ዩ?» ስል «ፋይን ታንክ ዩ፣ ኤንድ ዩ?» ይላሉ፣ ቁርጥ የእርስዎ ሰባተኛ ሲ። ምሳ በልተው ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ይተኛሉ። በቀን አንዴ ደግሞ ሙዚቃ ይከፈትና ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው ቅንድባቸውንና የዓይናቸውን ዙሪያ በጣታቸው ያሻሉ። የዓይን ጂምናስቲክ ነው፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ ልማድ። 48 ሕፃን ዓይኑን ሲያሽ እያየሁ ማንን እንደማስብ ይገባዎታል።

«ናይት» በሉ ስላቸው «ላይት» ይሉኛል። «ፒ»ን ለማስተማር ወረቀት ከንፈሬ ፊት ይዤ እፍ የሚለውን አሳየኋቸው። ያ የእርስዎ ወረቀት ነው አባባ። አመሰግናለሁ።

ልንገርዎትና ይሳቁ፣ ወይም ይናደዱ። እዚህ አገር እንግሊዝኛ ለማስተማር የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው በመሠረቱ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድ፣ የአየርላንድ ወይም የደቡብ አፍሪካ ፓስፖርት ላለው ነው። ዲግሪና የ120 ሰዓት ሥልጠና ይጨመርበታል። ዲግሪዬ በምን እንደሆነ ያውቃሉ። ሥልጠናውን ሶፋ ላይ ተቀምጬ በኢንተርኔት ጨረስኩት። እርስዎ 40 ዓመት አስተምረው ቢያመለክቱ ግን አንድ ቀን አይቀጥሩዎትም ነበር። አምና ከሚሚ ጋር ሳወራ በስልክ ሰምተው «‹ለስ› አይደለም፣ ‹ፊወር› ነው» ብለው ያረሙኝ ሰውዬ! እኔንም ቢሆን የመጀመሪያው ቀን አንድ ወላጅ ፊቴን አይቶ «አሜሪካዊቷ የታለች?» ብሎ ጠይቋል። ፓስፖርቴ ነው የመለሰለት።

እዚህ የመምህራን ቀን የሚባል አለ። በእኛ ጳጉሜን 5 ላይ ይውላል፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ልጆቹ አበባ ይዘው መጡ። «ላኦሺ» እያሉ ነው የሚጠሩን፤ መምህር ማለት ነው፣ «ላኦ» ብቻውን ሽማግሌ ነው፣ ክብር ነው። ጠረጴዛዬ በአበባ ተሸፍኖ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የደስታ አይደለም። ፎርሙ ትዝ ብሎኝ ነው።

እንግዲህ ታናሼ ሱቅ ይሂድ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ፎርሙን በእርሳስ ሞላሁ። አንደኛ ምርጫ ኮተቤ፣ እንግሊዝኛ። ጠረጴዛው ላይ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ሳየው በዚያች በጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈትዎ «አካውንቲንግ» የሚል ሰፍሮበታል። ወረቀቱ ብርሃን እስኪያሳልፍ ነበር የተፋቀው። የላጲሱን ፍርፋሪ የጠረግሁት እኔ ነኝ። ምንም አልጠየቅሁም፣ ምንም አልነገሩኝም፤ እንደ ተለኮሰ ምድጃ ዙሪያውን እየዞርን ሃያ ዓመት ኖርን። ለእማዬ «በዚህ ቤት ጠመኔ የዋጠ አንድ ሰው ይበቃል» ሲሉ ግን በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ።

ተረድቼዎታለሁ፤ ደመወዙንም፣ ቅያሪ የሌላቸውን ጫማዎችም አውቃለሁ። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ሲያቆሙ የ21 ዓመት ልጅ ሆነው ከፊት እንደነበሩ፣ በኋላ ምን እንደመጣም ነግረውኛል። መረዳቴ ግን አላዳነኝም። እርስዎን መምሰል የፈለግሁበት ብቸኛው ጊዜ ያ ነበር፣ አስቀሩኝ። ዲቪ ደርሶኝ ሄጄ አሥራ አምስት ዓመት የሰው ሒሳብ ስደምር ከኖርኩ በኋላ ቻይና ልሄድ ነው ስልዎት ደግሞ «ጠመኔ ፍለጋ ቻይና ድረስ?» ብለው ሳቁ። አዎ አባባ፣ ጠመኔ ፍለጋ።

ይህን ካልኩ ዘንድ ሌላውንም ልበል። ሐምሌ 5 ሞራው ሲገፈፍልዎ ፈተና እያረምኩ ነው ያልኩዎት ውሸት ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ሥራ ሲያልቅ የመኖሪያ ፈቃዱ ይሰረዝና ማጠቃለያ ቀን ይሰጣል፤ ለእኛ 30 ቀን ሰጡን። በ30 ቀኑ ወደ እርስዎ መምጣት ይቻል ነበር። እኛ ግን ሻንጣችንን ይዘን ባቡር ላይ ወጣን።

በዚያች ቀን ሺያን ነበርን። የሸክላ ወታደሮቹን ለማየት። መጋቢት 1966 ገበሬዎች ድርቅ ሆኖባቸው የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ነው ያገኟቸው፤ እናንተ ሥራ ካቆማችሁ አንድ ወር አልፎ። ከ8,000 በላይ ይሆናሉ ይባላል። መጀመሪያ ቀለም ነበራቸው፣ ከመሬት ወጥተው አየር ሲነካቸው ተላጠ። ታናሼ ደውሎ «አሁን አስገቧቸው» ሲለኝ መደገፊያው ብረት ላይ ተደግፌ ከታች እያየኋቸው ነበር። አዳራሹ ያስተጋባል። «ምንድን ነው ጩኸቱ?» አለኝ። «ክፍል ውስጥ ነኝ» አልኩት። ሚሚ ቀና ብላ አየችኝ። እስከ ዛሬ ስለዚያ አልጠየቀችኝም፤ ይህንን ጠባይ ከማን እንደወረሰች አውቃለሁ።

ማታውን የሙስሊሞቹ ሰፈር ገብተን ቂጣ ሰጡን። በጣት ፈርፍረው ነው የሚጠብቁት፣ የበግ መረቅ ይፈስበታል። ፍትፍት ነው እንግዲህ። እርስዎ ለእኔ ይፈተፍቱልኝ እንደነበረው ለሚሚ ፈተፈትኩላት፣ እኔ ግን አልበላልኝም። ከዚያ ቤጂንግ፣ ከዚያ ጉዊሊን። ሊ ወንዝ ላይ ያሉት ተራሮች 20 ዩዋን ብር ላይ የታተሙት ናቸው፤ ሰው ሁሉ ብሩን ወደ ተራራው አንስቶ ፎቶ ይነሳል፣ እኛም ተነሳን። ታላቁን ግንብ አልነግርዎትም፣ ደረጃ ነው።

ለምን ሸሸሁ? የእማዬን ጊዜ ያውቁታል። ዘግይቼ ደርሼ ማንም ምንም አላለኝም፣ እርስዎም ጭምር። አሁን በጊዜው ብደርስ ደግሞ ፋሻው ሲፈታ የማያዩኝ መስሎኝ ፈራሁ። ሲያዩኝም ፈራሁ።

የግራው ዓይንዎን ነገር ነግረውዎታል? ካልነገሩዎት እኔ ልንገርዎት፣ መደበቅ አይወዱም። ሐኪሙ ግላኮማ ነው ብሏል። በእሱ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ነው የሚያቆየው። ስለዚህ ዓይኔ እየተሻለው ነው፣ እየባሰው ነው ሳይሉ በየማታው ያድርጉት። ያልተከፈተው ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፤ መብራት ሲጠፋ ከታች ካሉት ጎረቤቶች ዘንድ ይላኩት፣ ጄኔሬተር አላቸው። ሌሊት ወደ ውጭ ሲወጡ ያቺን ደፍ ይጠንቀቁ። ቢጫ ቀለም ቀቡላት ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኩት!

ትኬታችን ሐምሌ 28 ነው። ከጓንዡ ቦሌ፣ ከቦሌ ዋሽንግተን። ቦሌ አራት ሰዓት እንቆያለን። ከአየር መንገዱ ጠይቄ ትኬቱ ይቀየራል፣ ቅጣት አለው ተብያለሁ። ቅጣቱ አይደለም ያስቸገረኝ። የሚሚ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ሁለት ሳምንት ተኩል አለን። ፍልሰታም እየገባ ነው፣ ሥጋ ግዙ አትበሉ። እስካሁን አልቀየርኩትም። ከቀየርኩት ታናሼ ጋ እደውላለሁ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። የዚያን ዕለት ማታ በየትኛው ላጲስ ነው የሰረዙት? የእኔ ከረጢት ውስጥ የነበረው ከሆነ ከረጢቴን ከፍተዋል፤ ከከፈቱ ደግሞ ከላጲሱ ሥር ለእርስዎ የጻፍኩትን ወረቀት አይተዋል ማለት ነው። መልሱን በታናሼ ስልክ አያስላኩ። በእጅዎ ይጻፉት፣ መስመሩን ቢስት ግድ የለም። ይህንንም ደብዳቤ በቀይ እንደሚያርሙት አውቃለሁ። ያርሙት፤ ሦስተኛውን ገጽ ግን አይሰርዙብኝ።

ልጅዎ