ለልጁ ብቻ የሚጠየቀው ድጎማ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አሜሪካ ውስጥ የልጅ ልጁን ወይም የእህቱን ልጅ የሚያሳድግ ዘመድ፣ ልጁ በፎስተር ኬር፣ ማለትም መንግሥት ልጆችን ተረክቦ ለአሳዳጊ በሚሰጥበት ሥርዓት ውስጥ ካላለፈ የፎስተር አሳዳጊዎች የሚከፈላቸውን ወርኃዊ ክፍያ አያገኝም። ብዙው ታዲያ «ደመወዜ ያግደኛል» ብሎ ሌላውንም ሳይጠይቅ ይቀራል።

ታንፍ በሚባለው የገንዘብ ድጎማ ለልጁ ብቻ ማመልከት ይቻላል። አያት ራሳቸውን ከማመልከቻው ካስወጡ፣ በአብዛኛው ግዛት የሚታየው የልጁ ገቢ እንጂ የእሳቸው አይደለም። መረጋገጥ ያለበት ዝምድናውና ልጁ አብሯቸው መኖሩ ነው። የልጁ የልደት ሰርተፊኬት ብቻውን አይበቃም፤ የእናቱ ወይም የአባቱም መጨመር አለበት፣ አያትን ከልጁ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነውና። ለአድራሻው ከትምህርት ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ይረዳል።

አንድ እሾህ አለው። ድጎማው ሲጀመር መንግሥት ወላጆቹን የልጅ ቀለብ ይጠይቃል። ብዙ አያቶች ማመልከቻውን የሚተዉት የገዛ ልጃቸውን መክሰስ ስለሚመስላቸው ነው፤ አይፈረድባቸውም። ጥቃት የሚያሰጋ ከሆነ ግን በበቂ ምክንያት ቀለቡን በማስከፈሉ ከመተባበር ግዴታ ነፃ ለመሆን ማመልከት ይቻላል። የድጎማ ቢሮው ሠራተኛ ሳይነግራቸው ከቀረ ራሳቸው ይጠይቁ።

የመንግሥት የጤና መድን የሆነው ሜዲኬይድም የልጁን ብቁነት ሲመዝን የአያትን ገቢ አይደምርም። የምግብ ድጋፉ ስናፕ ግን ይደምራል፤ በአንዱ የተከለከለ ሰው ሌላውንም ይተዋል።

በ2018 የወጣ የፌዴራል ሕግ ለእነዚህ ዘመዶች መንገድ ለሚያሳዩ አገልግሎቶች፣ ኪንሺፕ ናቪጌተር ለሚባሉት፣ በጀት ፈቅዷል። የየግዛቱን ስልክ ቁጥር ብታወጡልን።