ለታናሽ እህቴ፣ ስለ ካሜራው ጉዳይ

እህት ዓለም እንዴት ነሽልኝ? እማዬስ? አባዬስ? ሁላችሁም ሰላም ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ያው ሥራ ነው ቤት ነው፣ ከዛ የተረፈችውን ሰዓት ደግሞ ካሜራዬን ስነካካ ነው የማሳልፋት።

በድምፅ የላክሽልኝን ሰማሁት። «ለፊት ፎቶ ትክክለኛው ሴቲንግ የቱ ነው፣ ቁጥሩን ጻፍልኝና እሱ ላይ ልተወው» ነው ያልሽው አይደል? በድምፅ ልመልስልሽ ጀምሬ በጣም ረዘመብኝ፣ ስለዚህ ቁጭ ብሎ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ቁጥሩን ብሰጥሽ ደስ ባለኝ፣ ግን የሚሠራልሽ ለዛች ሰዓትና ለዛች መስኮት ብቻ ነው፣ ደመና ሲመጣ ያበቃለታል። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ እኔ እንዴት እየሞከርኩ እንደማገኘው ልንገርሽ።

እዚህ «ቁጭ በልልኝ» የምለው ሰው እንደሌለኝ ታውቂያለሽ፣ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ማታ ሥራ ነው ቀን ይተኛል፣ ስለዚህ የኔ ሞዴል ብርጭቆ ነው። ውሃ የሞላሁበት ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ፣ መስኮቱ በጎኑ፣ ከኋላው ራቅ ብሎ የመጽሐፍ መደርደሪያ። ካሜራውን መጽሐፍ ደራርቤ እሱ ላይ አስቀምጠዋለሁ (ትራይፖድ ስላልገዛሁ የጎደለብኝ ነገር የለም)፣ ስጫነው እንዳይነቃነቅ ታይመር አደርጋለሁ። ከዛ አንድ ነገር ብቻ ነው የምቀይረው። አንድ ብቻ! አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) እየቀየርኩ ከሆነ ብርጭቆው አይነካም፣ መጋረጃው አይነካም፣ ካሜራው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከቀየርሽ እኮ ፎቶው ሲያምር የቱ እንዳሳመረው አታውቂም፣ ሲበላሽም እንደዛው።

አፐርቸር ፕራዮሪቲ የሚባለው ላይ (አፐርቸሩን እኔ፣ የቀረውን ካሜራው የሚመርጥበት) አድርጌ 1.8፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 እያልኩ ነው የምሄደው። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ለምን እንደሚሰፋ ግራ ይገባሻል መሰለኝ፣ ብዙ ሰው እዛ ላይ ነው ተስፋ ቆርጦ ወደ አውቶ የሚመለሰው። ቁጥሩ ማካፈያ ነው በቃ። 50 ሚሊሜትር ሌንስን ኤፍ 2 ላይ (የአፐርቸሩ ቁጥር 2 ማለት ነው) ስታደርጊው 50 ለ2 ይካፈላል፣ ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ኤፍ 16 ላይ ግን 3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚቀርሽ። ከ2.8 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 5.6 ባለፍሽ ቁጥር የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ካሜራው ሻተሩን (ለብርሃን ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ) በእጥፍ ያዘገየዋል። ለዚህ ነው ኤፍ 8 በ1/125 ሰከንድ እና ኤፍ 5.6 በ1/250 ሰከንድ ብርሃናቸው እኩል የሚሆነው፣ የሚለያዩት በሌላ ነገር ነው።

ያንን ሌላ ነገር ለማየት ፎቶዎቹን ደርድሮ ዙም ማድረግ ነው። 1.8 ላይ የብርጭቆው አፍ የፊተኛው ጠርዝ ጥርት ብሎ የኋለኛው ጠርዝ ግን ብለር ሆኗል፣ እዛው አንዷ ብርጭቆ ላይ እኮ ነው! መደርደሪያው ጭራሽ የለም፣ ቀለም ብቻ ነው። 5.6 ላይ ብርጭቆው ሙሉ ለሙሉ ጠራ፣ ከኋላ ያሉት ነገሮች መጽሐፍ መሆናቸው ታወቀ። 16 ላይ መጽሐፎቹ ይበልጥ ጠርተው ብርጭቆው ራሱ ግን ኤፍ 8 ላይ ከተነሳው ፎቶ ትንሽ ለስለስ ብሎ ታገኚዋለሽ፣ ብርሃን በጣም ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ነው፣ ስለዚህ «ሁሉም እንዲጠራ እስከመጨረሻው ዝጊው» የሚሉሽን አትስሚ።

ከዛ ደግሞ አፐርቸሩን 2.8 ላይ ትተሽው ርቀቱን ቀይሪ። ሰው ብለር ለማግኘት ብሎ ውድ ሌንስ ይገዛል፣ ግን ካሜራውን ወደ ብርጭቆው ስታስጠጊውና መደርደሪያውን ስታርቂው ብለሩ ያለ ምንም ወጪ ይመጣል። እማዬን ግድግዳ አስደግፈሽ 1.8 ብታደርጊው ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው። ሦስት አራት እርምጃ ወደፊት አምጫትና እይው። ስልክ ላይ ደግሞ «1.8 ነው የኔም» ብለሽ እንዳትከራከሪኝ፣ የስልክ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ ሌንሱም በጣም አጭር ነው፣ ቀዳዳው በሚሊሜትር ሲለካ ምንም አይሞላም፣ ፖርትሬት ሞድ የሚባለው ብለሩን በሶፍትዌር ነው የሚሠራው። የፀጉር ዳር ላይ ዙም ካደረግሽ አልፎ አልፎ ይጋለጣል።

ሻተርን ከቧንቧ ውሃ የተሻለ የሚያስተምር የለም። ቧንቧውን ቀጠን አድርገሽ ክፈቺው፣ 1/2000 ላይ አንሺው፣ የወረደው ውሃ ታች ላይ ተቆራርጦ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ይታያል፣ በዓይንሽ ስታዪው አንድ ክር የሚመስለው ማለት ነው። 1/4 ላይ ስትወርጂ ደግሞ ክሩ ይመለሳል፣ ካሜራው የሆነ ነገር ላይ መቀመጥ አለበት ግን። በእጅ ስትይዢ ድሮ ጀምሮ የሚሠራበት ልክ አለ፣ የሌንሱ ሚሊሜትር 50 ከሆነ ከ1/50 በታች አትውረጂ፣ 200 ከሆነ ከ1/200 በታች። ስታቢላይዜሽን ያለው ካሜራ ከዛም በታች ያወርድሻል፣ ግን ያንቺን እጅ ነው የሚያረጋጋው እንጂ የሚሮጠውን ልጅ አይደለም፣ ልጁን ሊያቆምልሽ የሚችለው ሻተር ብቻ ነው።

እሱ ላይ ሳለን፣ የፈረስ ነገር ታውቂያለሽ? ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሩ ከመሬት የሚነሳበት ቅጽበት አለ ወይስ የለም ተብሎ ድሮ ይከራከሩ ነበር፣ በዓይን አይያዝማ። በ1878 እ.ኤ.አ. ማይብሪጅ የሚባል ፎቶግራፈር ካሊፎርኒያ ውስጥ 12 ካሜራ በመስመር ደርድሮ ፈረሱ በሚሮጥበት መንገድ ላይ ክር አሻግሮ ዘረጋ፣ ፈረሱ ሲያልፍ ክሩን እየመታ ካሜራዎቹ ተራ በተራ አነሱ፣ እና አዎ፣ አራቱም እግር አየር ላይ ነበር። ሰዓሊዎቹ እግሮቹን ወደፊትና ወደኋላ ዘርግተው ነበር የሚስሉት፣ ፎቶው ላይ ግን አየር ላይ ያሉት ሆዱ ስር ተሰብስበው ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ነው እኔን ከካሜራው ጋር ያጣበቀኝ፣ ከሰው ጋር መከራከር ሲሰለችሽ ነገሩን ራሱን ትጠይቂዋለሽ።

አንዳንዴ ቤት ውስጥ ሻተሩን ስታፈጥኚው ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር መስመር ይመጣል፣ ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም። ብዙ አምፖል ከኤሌክትሪኩ ጋር ብልጭ ድርግም ይላል፣ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ከሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ። 1/100 ወይ 1/50 ላይ መልሺው፣ ይጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ እማዬ ነጭ ለብሳ ያነሳሻት ፎቶ። ልብሱ አመድ መሰለ ፊቷ ደግሞ ጨለመ ብለሽ የተናደድሽበት። ካሜራው የሚያየው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም፣ ሁሉንም ደምሮ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ነው የሚሞክረው። ነጭ አንሶላ ብቻ ፍሬሙን ሞልተሽ አንሺ፣ ቀጥሎ ጥቁር ጃኬት አንሺ፣ ሁለቱም ግራጫ ሆነው ይመጣሉ፣ ሞክሪው አስቂኝ ነው። ስለዚህ ነጭ ሲበዛ ፕላስና ማይነስ ያለበትን ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን ወደ ፕላስ፣ ጥቁር ሲበዛ ወደ ማይነስ (ፕላስ ፎቶውን ያበራል፣ ማይነስ ያጨልማል)። ሰው በተቃራኒው ነው የሚመስለው፣ «ብዙ ነጭ ስላለ ይቀነስ» ይላል። የኛ ፊት ጠይም ነው፣ ከኋላ ነጭ ግድግዳ ካለ ካሜራው ለግድግዳው ብሎ ፊቱን ያጠቁረዋል፣ ፕላስ 1 ብለሽ ጀምሪና ፊቷን እያየሽ ወደላይ ወደታች በይ። ግድግዳው ትንሽ ቢነጣ ቢነጣ ምን ይመጣል፣ ፎቶው የግድግዳ አይደለም።

ብርሃንን ደግሞ በአንድ አምፖል ተጫወቺበት፣ ማታ ሌላውን ሁሉ አጥፍተሽ። አምፖሉ ከፊት 1 ሜትር ሲርቅና 2 ሜትር ሲርቅ ልዩነቱ ግማሽ አይምሰልሽ፣ ሩብ ነው የሚቀረው፣ ሦስት ሜትር ላይ አንድ ዘጠነኛ። ይሄ ለምን ይጠቅማል መሰለሽ፣ አምፖሉን ወደ ፊቷ ስታስጠጊው ከኋላዋ ያለው ዕቃ ሁሉ በራሱ ይጨልማል፣ የተዝረከረከ ቤት መደበቂያ ነው። ጥላው ከጠነከረብሽ ነጭ ወረቀት በሌላው ጉንጭ በኩል ያዢላት፣ ወይ አምፖሉን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሪውና ግድግዳው ያብራላት። ብርሃኑ የሚመጣበት ቦታ ሲሰፋ ጥላው ይለሰልሳል፣ መስኮት ደስ የሚለው ለዛ ነው። የካሜራውን ፍላሽ ግን ተይው፣ ለመታወቂያ ፎቶ ካልሆነ አልወደውም።

እና አንድ ያለ ካሜራ የሚሞከር ነገር፣ ከልጆቹ ጋር አድርጊው። ቀን ፀሐይ ሲሆን የክፍሉን መስኮት በካርቶን ድፍን አድርገሽ ዝጊው፣ ምንም እንዳያስገባ፣ ከዛ በጣትሽ ልክ ቀዳዳ አውጪለት። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ደጁ ተገልብጦ ይመጣል፣ ሰማዩ ታች፣ ሰው ሲያልፍ በጭንቅላቱ ሲሄድ! ቀዳዳውን ስታጠቢው ምስሉ ይጠራል ግን ይጨልማል፣ ስታሰፊው ይበራል ግን ብለር ይሆናል፣ አፐርቸር ያልኩሽ ነገር ነው ግድግዳ ላይ። ኢብን አል-ሃይሰም የሚባለው ሊቅ ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት ግርዶሽ ላይ ያለች ፀሐይ በትንሽ ቀዳዳ ስትገባ ለምን የማጭድ ቅርጽ እንደምትሠራ በዚሁ መንገድ አጥንቶ ጽፏል። ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ሳይኖር ማለት ነው።

ደብተር መያዝ አያስፈልግሽም፣ ሻተሩን፣ አፐርቸሩን፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት)፣ ሰዓቱን ካሜራው ፎቶው ውስጥ ራሱ ይጽፈዋል፣ ኢንፎ የሚለውን ስትነኪ ይመጣልሻል። የማይጽፈው ብርሃኑ በየት በኩል እንደነበርና አንቺ የት እንደቆምሽ ነው፣ እሱን ብቻ ስልክሽ ላይ አንድ መስመር ጻፊ። ቦታ ካለሽ በሮው (ካሜራው ሳያቀናብረው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሺ፣ በኋላ ቀለሙን ስታስተካክዪ ብዙ ያስኬድሻል፣ ከሌለሽ ጄፔግም (የተለመደው የፎቶ ፋይል) ይበቃል አትጨነቂ። ሌንስ ትልክልኛለህ ወይ ብለሽኛል፣ እልካለሁ፣ ግን መጀመሪያ ያለሽ ሌንስ ምን እንዳቃተው ንገሪኝ፣ «ሁሉም ሰው አለው» መልስ አይሆንም።

እና የእማዬን ፎቶ እንደገና አንሺልኝ፣ ከግድግዳው አርቀሽ፣ መስኮቱን በጎኗ አድርገሽ፣ ፕላስ 0፣ ፕላስ 1፣ ፕላስ 2 እያልሽ ሦስቱንም። በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፣ እንደ ፎቶ ስትልኪው ያሳንሰዋል፣ ካሜራው የጻፈውም ይጠፋል፣ እኔ ደግሞ ቁጥሩን ማየት እፈልጋለሁ። እማዬ «አሁንስ በቃኝ» ማለቷ አይቀርም፣ እሱ ነው ያዘዘኝ በያት።

ሁሉንም ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ