ስለዚያ የቆየ ጥያቄህ

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? ደብዳቤዬን ስታይ «ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» ማለትህ አይቀርም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

መጨረሻ ስንገናኝ የጠየቅኸኝ ነገር አሁንም ከአእምሮዬ አልወጣም። ሁለት ሠራተኞች ናቸው፤ ሁለቱም ስማርት ስልክ አላቸው፣ የሁለቱም ደመወዝ ባንክ ይገባል፤ አንደኛው በሞባይል ባንኪንግ ሲገላገል ሌላው ለምን ሰልፍ ይይዛል?

ፍሬድ ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለት ነገር አስቀምጦ ነበር፦ ሰው «ይጠቅመኛል» ካለና «አያስቸግረኝም» ካለ ይጠቀማል። ቬንካቴሽ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 የቅርብ ሰዎችን ግፊትና የተመቻቸ ሁኔታን፣ በ2012 ደግሞ ልማድን፣ ዋጋንና ደስታን ጨመሩ። ልክ ናቸው። ዴቪስ ያጠናው ግን የቢሮ ፕሮግራሞችን ነው፤ እዚያ የተሳሳተ ሰው ጽሑፉን ያርማል። እዚህ የሚሄደው ደመወዙ ነው።

ሰው ገንዘብ ሲልክ ልብ ብለህ አይተሃል? የሂሳብ ቁጥሩን ያስገባል፣ የተቀባዩ ስም ብቅ ሲል ፊደል በፊደል ያነበዋል፣ ከዚያ አውራ ጣቱ «ላክ» ላይ ሳያርፍ ትንሽ ይቆማል። ስሙን የማያሳይ አፕ የፈለገውን ያህል ቢያምር ምን ዋጋ አለው? ደግሞስ ገንዘቡ ከዚህ ተቀንሶ እዚያ ሳይገባ ኔትወርክ ቢቋረጥ? ያኔ የሚፈለገው ስልክ አንስቶ የሚያናግር ሰው ነው። እሱ ከጠፋ ወሬው እስከ ማታ መሥሪያ ቤቱን ያዳርሳል። ማስታወቂያ ያላሳመነውን ሰው አጠገቡ የሚቀመጠው ባልደረባ የሚያሳምነውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ሲልክ ያየዋል፣ ሲደርስለት ያየዋል፣ ቢቸግረው የሚጠይቀው ሰው አገኘ።

ዕድሜን ሰበብ ማድረግ አልወድም። ሠራተኛን የሚገፋው ጊዜ ነው፤ ቅርንጫፉ ክፍት የሚሆነው እሱ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ነው። ያም ሆኖ ብዙዎች ሲጀምሩ ቀሪ ሂሳባቸውን ብቻ ነው የሚያዩት፤ ማየት ምንም አያጠፋባቸውም። ቀጥሎ የአየር ሰዓት ይሞላሉ፣ ከዚያ ለወንድም ትንሽ ገንዘብ ይልካሉ። የቤት ኪራይ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። (ባንኮች የመጀመሪያውን ቀን ምዝገባ እንዲህ የሚያወሳስቡት ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።)

አንተስ ጀመርክ? ከጀመርክ የሚስጥር ቁጥርህን ወረቀት ላይ ጽፈህ ስልክህ ሽፋን ውስጥ እንደማትሸጉጠው ተስፋ አለኝ፤ አመልህን ስለማውቅ ነው። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፣ ቶሎ ጻፍልኝ።

የዘወትር ወዳጅህ